ኒኮሎ ፓጋኒኒ፦ ከልክ በላይ የሚተጣጠፉ መገጣጠሚያዎችና የማይለቅ ህመም

ኒኮሎ ፓጋኒኒ ጣሊያናዊ የቫዮሊን ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1782 በጄኖዋ ከተማ ተወለደ፤ ሜይ 27 ቀን 1840 በኒስ ከተማ በ57 ዓመቱ ዐረፈ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእኛ አገር ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ታሪኩ በጤና ገጽ ላይ የሚነሳው የእጆቹ መገጣጠሚያዎች ከሌላው ሰው በተለየ ይተጣጠፉ ስለነበር፣ ለብዙ ዓመታትም ታሞ ስለኖረ ነው። ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ሲያከራክር ቆይቷል።

ከጢስ ዓባይ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው አገር በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ዓይነት ታካሚ ደጋግሞ ይገጥመኛል። ጉልበቱን፣ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ ጣቶቹን ሁሉ ያመዋል። ቁርጭምጭሚቱ በትንሽ በትልቁ ወለም ይለዋል። ራጅ ተነስቶ፣ ደም ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ላለች ታካሚ ራጇ ንጹህ መሆኑን አይቼ ምንም እንደሌለባት ነግሬ ሸኝቻታለሁ። ሰው ሁሉ ሰነፍ እያላት የመጣች ሴት ነበረች፤ እኔም በሌላ ቃል ያንኑ ነገርኳት። አውራ ጣቷን ወደ ክንዷ አጥፋ እንድታሳየኝ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የፓጋኒኒን ታሪክ አግኝቼ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅነቱና እጁ

አባቱ አንቶኒዮ በጄኖዋ ወደብ ዙሪያ ሠርቶ የሚያድር፣ ማንዶሊን የሚጫወት ሰው ነበር። ኒኮሎን በአምስት ዓመቱ ማንዶሊን፣ በሰባት ዓመቱ ቫዮሊን አስጀመረው። አስተማሪነቱ የከረረ ነበር፤ ልጁን ረጅም ሰዓት እንዲለማመድ ያስገድደው፣ ሲሰንፍም ምግብ ይነፍገው እንደነበር ተጽፏል። በ1795 ወደ ፓርማ ተልኮ በአሌሳንድሮ ሮላና በሌሎች መምህራን ዘንድ ተማረ። ከዚያም በሉካ ከተማ ኖረ፤ የናፖሊዮን እህት ኤሊዛ ሉካን በምትገዛበት ጊዜ በቤተ መንግሥቷ አገለገለ። በ1813 ሚላን ውስጥ በላ ስካላ ቴአትር ተጫውቶ በጣሊያን ሁሉ ታወቀ። ለቫዮሊን ብቻ የደረሳቸው 24 ካፕሪስ የሚባሉት ሥራዎቹ በ1820 ታተሙ፤ ዛሬም የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች የሚፈተኑባቸው ናቸው።

አዝማሪ ማሲንቆ ሲጫወት ያየ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ይረዳል። በማሲንቆ አንዷን ጭራ በአራት ጣት እየዳሰሱ ዜማ ያወጣሉ። ቫዮሊን አራት ጅማት አለው፤ ጣቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ፣ ይለጠጣሉ፣ እጅም በአንገቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ፓጋኒኒ ሌሎች እጃቸውን አንቀሳቅሰው የሚደርሱበትን ቦታ እጁን ሳያነሳ ይደርስበት ነበር። ተመልካቹ ጣቶቹ እጅግ የረዘሙ መሰለው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር።

በ1831 ፓሪስ ሲገባ ፍራንቼስኮ ቤናቲ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ሰውነቱን በጥንቃቄ መርምሮ ያየውን ጻፈ። ቤናቲ እንዳሰፈረው የፓጋኒኒ እጅ መጠኑ ከተራ ሰው እጅ አይበልጥም ነበር። ነገር ግን የሚያያይዙት ጅማቶች ስለሚለጠጡ ሲዘረጋው ስፋቱ እጥፍ ሊሆን ይደርሳል። የግራ እጁን የጣት አንጓዎች፣ እጁን ከቦታው ሳያነሳ፣ በተፈጥሮ ወደማይሄዱበት ወደ ጎን ያንቀሳቅሳቸዋል። ትከሻውና የእጁ አንጓም እንዲሁ ልል ነበሩ። ቤናቲ ይህን የጻፈው እንደ በሽታ ሳይሆን የችሎታው ምንጭ ከሆኑት ነገሮች አንዱ አድርጎ ነው። በከፊል ልክ ነው። የሰዓታት ልምምዱንና ጆሮውን ግን ጅማት አልሰጠውም።

እርስዎስ?

ዛሬ ሐኪሞች የመገጣጠሚያን ልልነት የሚለኩት በዘጠኝ ነጥብ ነው። ትንሿን ጣትዎን ወደ ኋላ ሲገፏት ቀጥ ብላ ከቆመች፣ ማለትም ከ90 ዲግሪ ካለፈች፣ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ ነጥብ ይያዛል። አውራ ጣትዎ ወደ ታች ታጥፎ ክንድዎን ከነካም ለእያንዳንዱ እጅ አንድ። ክርንዎና ጉልበትዎ ሲዘረጉ ከቀጥታው መስመር አልፈው ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ከተለመጡ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። የመጨረሻዋ ነጥብ ጉልበትን ሳያጥፉ ጎንበስ ብለው ሁለቱን መዳፎች መሬት ላይ ማሳረፍ ነው። እስከ 50 ዓመት ላለ ጎልማሳ አምስትና ከዚያ በላይ፣ ከ50 በላይ ለሆነ ሰው ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ ካገኘ ልልነት አለ ይባላል። ዕድሜ መገጣጠሚያን ስለሚያደርቅ፣ በልጅነት ይታጠፍ የነበረን ነገር ማስታወስም ይጠቅማል። ከዚህ በፊት ትከሻው ወይም ጉልበቱ የወለቀ ሰው ግን ይህን ብቻውን አይሞክር፤ ማንም ሰው ህመም እስኪሰማው ድረስ አይግፋ።

ይህ መለኪያ በስፋት የታወቀው ፒተር ባይተን የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1973 በደቡብ አፍሪካ የጽዋና ሕዝብ ላይ ካደረጉት ጥናት ነው። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ፣ የእኛን ሰውነት የማያውቅ መለኪያ ነው ብሎ የሚጠራጠር ሰው ካለ ሐሳቡን ያሳርፍ።

ውጤቱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም። መገጣጠሚያቸው ልል የሆኑ ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ያለ ህመም ይኖራሉ፤ ልጆችም በተፈጥሯቸው ተጣጣፊ ናቸው። የጎጃም እስክስታ አውራጅ ትከሻ የሚያሳየንን ደግሞ ከዚህ ጋር አናምታታው፤ ያ የጡንቻ ችሎታ ነው፣ የጅማት መላላት ላይሆን ይችላል። ሕክምና የሚያስፈልገው ልልነቱ ከህመም፣ ከተደጋጋሚ ወለምታ ወይም ውልቃት ጋር ሲመጣ ነው።

ህመሙ ከየት ይመጣል?

አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩት ጅማቶች በዋናነት የተሠሩት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ይህ ማሰሪያ ለስለስ ያለ ነው። ገበሬ ምራኑ በላላ ሞፈርና ቀንበር ሲያርስ ምን እንደሚሆን ያውቃል። በሬዎቹ ያው በሬ ናቸው፣ መሬቱም ያው ነው፤ ነገር ግን ሞፈሩ ስለሚዋልል ገበሬው እርፉን ከወትሮው አጥብቆ መያዝ አለበት፣ ከሰዓት ሳይሆን ክንዱ ይዝላል። በልል መገጣጠሚያ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ጅማቱ ሊይዘው የሚገባውን እነርሱ ቀኑን ሙሉ ይይዛሉ፤ ማታ ላይ ሰውነት ይደቃል። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ህመሙን የሚገልጹት እንደ ድካም አድርገው ነው።

ሌላም አለ። መገጣጠሚያ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደታጠፈ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች በጅማትና በጡንቻ ውስጥ አሉ። ልል በሆነ መገጣጠሚያ ይህ መልእክት ይዛባል፤ ሰውየው ደረጃ ይስታል፣ ዕቃ ይወድቅበታል፣ እግሩ በደልዳላ መንገድ ላይ ወለም ይላል። እያንዳንዱ ወለምታ ትንሽ ጉዳት ይጥላል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የህመም ነርቮች ራሳቸው ንቁ ይሆናሉ፤ ትንሽ መነካት እንደ ትልቅ ጉዳት ይሰማል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እንቅልፍ ሲጠፋም ህመሙ ይብሳል። አንዳንዶች ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ሆዳቸው ይነፋል። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የላላ ጅማትንም ሆነ የነቃ ነርቭን አያሳይም። ስለዚህ የራጅ ንጹህ መሆን ህመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም።

የፓጋኒኒ በሽታዎችና ሐኪሞቹ

ፓጋኒኒ ከአርባ ዓመቱ ጀምሮ ጤና አላገኘም። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሞች ቂጥኝ አለብህ አሉትና በዘመኑ ልማድ ሜርኩሪና ኦፒየም አዘዙለት። ሜርኩሪ መርዝ ነው። ድድን ያቆስላል፣ ጥርስን ያነቃንቃል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል። በ1828 ፕራግ ከተማ ሳለ የታችኛው መንጋጋው መግል ቋጥሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የታች ጥርሶቹ ወጡ። በዚያ ዘመን ሰዎች በሥዕል የምናየው ያ ጉንጩ የጎደጎደ ፊት በከፊል የመድኃኒት ሥራ ነው። እርሱ ራሱም ሆድን የሚያጥብ ለሯ የሚባል መድኃኒት ለዓመታት ያለ ልክ ይወስድ ነበር፤ ሰውነቱን ይበልጥ አደከመው። እኔ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ይህ ክፍል ነው። ከበሽታው እኩል፣ ምናልባትም ይበልጥ፣ የጎዳው መድኃኒት ፍለጋው ነበር።

በዚያው ዓመት ቪየና ሄዶ ከተማዋን በሙዚቃው አናወጣት። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ዓመታት በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ ከተማ ለከተማ በፈረስ ጋሪ እየዞረ ተጫወተ። በ1825 ከዘፋኝቷ አንቶኒያ ቢያንኪ የተወለደው ልጁ አኪሌ አብሮት ይጓዝ ነበር። አንድ ሰሞን በላይ በላዩ ያቀርባል፤ ከዚያ ይወድቃል፣ ዝግጅት ይሰርዛል፣ አልጋ ላይ ይውላል፤ ትንሽ ሲሻለው እንደገና ይጀምራል። ሥር የሰደደ ህመም ያለባቸው ሰዎች ይህን አኗኗር ወዲያው ያውቁታል። ጥሩ ቀን ሲመጣ የከረመው ልብስ ሁሉ ይታጠባል፣ ጤፉ ይነፋል፣ እንጨቱ ይለቀማል፤ በማግስቱ ደግሞ ሦስት ቀን መተኛት ይከተላል።

ስለ ችሎታው ሰዎች ያወሩት ወሬ ከበሽታው ባልተናነሰ ተከተለው። ቀጭን፣ የገረጣ፣ ጣቶቹ እንደ ፈለገ የሚሆኑለት ሰው ሲያዩ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጧል አሉ። በእኛም አገር ሐኪም ያላወቀው ህመም ቡዳ ወይም ዛር የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ባለ ህመሙ ሁለት ጊዜ ይታመማል። ጸበል የሚሄዱ ታካሚዎቼን አልከለክልም። መድኃኒታቸውንና የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴያቸውን ሳያቋርጡ እንዲሄዱ እነግራቸዋለሁ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጉሮሮው ታሞ ድምፁ ጠፋ። አኪሌ ከንፈሩን እያየ የሚለውን ለሌሎች ይነግርለት ነበር። በ1840 ኒስ ውስጥ ሲሞት የመጨረሻውን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስላልተቀበለ የከተማዋ ጳጳስ በተቀደሰ መሬት እንዳይቀበር ከለከሉ። ሬሳው ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ኖሮ በ1876 በፓርማ መካነ መቃብር ዐረፈ።

ምን ነበረበት?

ኤለርስ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1901፣ ዳንሎስ የተባለ ፈረንሳዊ ደግሞ በ1908 ቆዳቸውና መገጣጠሚያቸው ከልክ በላይ የሚለጠጥ ሰዎችን ገለጹ፤ በሽታው ዛሬ በሁለቱ ስም ኤለርስ ዳንሎስ ይባላል። ከእነርሱ ቀደም ብሎ ማርፋን የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም በ1896 ጣቶቿና እግሮቿ እጅግ የረዘሙ ሕፃን ገልጾ ነበር። በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት በ1967 የወጣ ጽሑፍ ፓጋኒኒ ኤለርስ ዳንሎስ ሳይኖርበት አልቀረም አለ። በ1978 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ማርፋን ነው አለ።

በእኔ አስተያየት ማርፋን አይመስልም። ቤናቲ እጁ ከተራ እጅ አይበልጥም ብሎ ጽፏል፤ በማርፋን ግን ዋናው ነገር የአጥንት መርዘም ነው። ሳሉንና የጉሮሮ ህመሙንም በልል መገጣጠሚያ ልናሳብብ አንችልም። የሞተን ሰው ከመጽሐፍ መርምሮ የበሽታ ስም መስጠት ቀላል ስላልሆነ ከዚህ በላይ አልሄድም። የተጻፈለት ነገር አንድ ነው፦ ጅማቶቹ ልል ነበሩ፣ በዚያ ልልነት ላይም ከባድ ሥራ ሠርቷል።

ልዩነቱ ለእርስዎ ግን ትልቅ ትርጉም አለው። ልልነትና ህመም ብቻ ያለበት ሰው ዕድሜው አያጥርም። ማርፋን ያለበት ሰው ግን ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ሥር ሊሰፋና ሊቀደድ ይችላል። በቤተሰብዎ ከሌሎች በጣም የረዘመ፣ እጆቹ ሲዘረጉ ከቁመቱ የሚበልጡ፣ ደረቱ የጎደጎደ ወይም የወጣ፣ ዓይኑ ከልጅነቱ የደከመ ሰው ካለ፣ ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ዘመድ ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የልብ አልትራሳውንድና የዓይን ምርመራ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ወደ ባሕር ዳር መላክ ሊኖር ይችላል። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ይህ ምርመራ አይዘግይ።

ምን ይደረግ?

ልል ጅማትን የሚያጠብቅ መድኃኒት የለም። ጡንቻን ማጠንከር ግን ይቻላል፤ ዋናው ሕክምናም ይኸው ነው። ወንበር ወይም መደብ ላይ ተቀምጠው አንድ እግርዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፤ ጉልበትዎ ወደ ኋላ እንዳይለመጥ ትንሽ መለስ አድርገው የጭንዎን ጡንቻ አጥብቀው እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይልቀቁት። ግድግዳ ይዘው በእግር ጣት ጫፍ ከፍ ዝቅ ማለት ለቁርጭምጭሚት፣ ሁለት መዳፍን ግድግዳ ላይ አሳርፎ ክርን እያጠፉ መግፋት ለትከሻ ይሆናል። በአምስት አምስት ጊዜ ይጀምሩ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ጡንቻ ሊያም ይችላል፤ በማግስቱ የማይለቅ ከሆነ ቁጥሩን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ለውጡ የሚታየው በወራት ነው። ፊዚዮቴራፒ ባለበት ሆስፒታል ባለሙያ ቢያሳይዎት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሥራን መከፋፈል ሁለተኛው ነገር ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ ጊዜ ከመሸከም ሁለት አሥር ሊትር ይሻላል። ጥሩ ቀን ሲመጣ የሥራውን ግማሽ ለነገ ያስተርፉ። ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት፤ ትናንት እንጀራ ስትጋግር የዋለች ሴት ዛሬ መነሳት ሲያቅታት ማስመሰል አይደለም።

ወጌሻን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መገጣጠሚያ ወልቆ ሲቸግር ሰው የሚያውቀውን ይጠራል፤ አልፈርድም። ነገር ግን ልል መገጣጠሚያን መጎተት፣ ማንቋቋትና አጥብቆ ማሸት ጅማቱን ይበልጥ ያላላዋል። ጓደኛን ለማሳቅ ጣትን ማጠፍም እንዲሁ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እሠራው ነበር፣ ትቻለሁ።

ለህመም ፓራሲታሞል ይጀመራል፤ ለጤናማ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ይረዳሉ፤ ለወራት ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ለእርጉዝም አይሆኑም። ትራማዶል ሥር ለሰደደ የመገጣጠሚያ ህመም አይመከርም፤ ሱስ ያስይዛል፣ ህመሙንም ከሥሩ አይነካውም። መርፌ እንዲወጉ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት የሚዞሩ ታካሚዎችን ሳይ የፓጋኒኒ ሜርኩሪ ትዝ ይለኛል።

ህመም ሁሉ ግን ከልልነት አይመጣም። መገጣጠሚያው ካበጠና ከጋለ፣ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ከደረቀ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ሌላ በሽታ መፈለግ አለበት፤ ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴላ፣ የጀርባ አጥንቱን የሚያመው ሰው የአጥንት ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልቆጣጠር ካለ፣ ወይም ድንገተኛ የሚቀድ የደረትና የጀርባ ህመም ከመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከዚህ ውጭ ከሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያመመዎትን ቦታ ብቻ አይናገሩ። ስንት ጊዜ ወለም እንዳለዎት፣ የወለቀ መገጣጠሚያ ካለ የትኛው እንደሆነ፣ በልጅነትዎ ምን ማጠፍ ይችሉ እንደነበር፣ ከእናትዎ፣ ከአባትዎ ወይም ከልጆችዎ ማን እንደ እርስዎ እንደሚተጣጠፍ ይንገሩ፤ ልልነቱ በዘር ይወርዳልና። ሐኪሙ ካልጠየቀዎት አውራ ጣትዎን ራስዎ አጥፈው ያሳዩት።